ለሰሜን ሸዋ መራጭ፦ ከምዝገባ እስከ ድምፅ ቆጠራ

ምርጫ ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት የሚጀመር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ በየቀበሌው የታዘብኩት ግን፣ ድምፁን የሚያጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣው ከዚያ ዕለት ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በምዝገባው ወቅት መሆኑን ነው። ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው፣ ዜግነቱም ሆነ ዕድሜው የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ ከምርጫ ጣቢያው በር ይመለሳል። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ ስለ ምዝገባው ረዘም አድርጎ ያትታል፤ ድምፅ አሰጣጡንና ቆጠራውንም መራጩ በራሱ ዓይን ሊከታተለው በሚችለው መጠን ያስረዳል።

በቅድሚያ ስለ መብቱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በብሔር፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በሌላ ምክንያት ልዩነት ሳይደረግበት፣ 18 ዓመት ሲሞላው የመምረጥ መብት አለው። አንቀጽ 54 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየአምስት ዓመቱ፣ ድምፅ በሚስጥር በሚሰጥበት ነፃና ቀጥተኛ ምርጫ እንዲመረጡ ያዛል። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት ዕጩዎች መካከል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ስለዚህም ዕጩዎች በበዙበት የምርጫ ክልል ጥቂት መቶ ድምፅ ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል።

ምርጫውን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። የምርጫው ዝርዝር ሥርዓት የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው፤ ቀናቱንና ለየዙሩ የሚወጡትን መመሪያዎች ቦርዱ ያሳውቃል። የቀበሌ ሊቀ መንበርም ሆነ የወረዳ አስተዳዳሪ ምርጫ አያስፈጽምም። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው፣ በምዝገባ ላይ ችግር ሲገጥም ብዙ ሰው በልማድ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቀናት ስለሚያባክን ነው። የምርጫ ጉዳይ የሚነገረው ለምርጫ ጣቢያው አስፈፃሚዎች ነው።

ማን፣ የት ይመዘገባል

ለመመዝገብ ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ፦ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት መሙላት፣ እንዲሁም በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር። እያንዳንዱ መራጭ የሚመዘገበው ራሱ ነው፤ ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ ሊመዘገብ አይችልም። በሁለት ቦታ መመዝገብም በሕግ ያስጠይቃል።

ዕድሜ የሚቆጠረው ድምፅ እስከሚሰጥበት ቀን ሳይሆን እስከ ምዝገባው ዕለት መሆኑን ወላጆች ልብ ሊሉት ይገባል። ምዝገባው በመጋቢት ቢሆንና ልጁ 18 ዓመት የሚሞላው በግንቦት ቢሆን፣ ድምፁ በሰኔ ቢሰጥም እንኳ በዚያ ዙር መምረጥ አይችልም። በአንጻሩ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ባሉት ቀናት 18 የሚሞላው ወጣት ቀኑን ጠብቆ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ ቤተሰቡ የልደቱን ቀን አስታውሶ ሊነግረው ይገባል።

በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በስድስት ወሩ ላይ ነው። ለምሳሌ በጥር ተድራ ከመንዝ ወደ ምንጃር የሄደች ሙሽራ፣ ምዝገባው መጋቢት ላይ ሲከፈት በአዲሱ ቤቷ ገና ሁለት ወሯ ነው። እዚያ ለመመዝገብ ስትሞክር የነዋሪነት ጊዜዋ አይሟላም፤ የወላጆቿን ቀበሌ ደግሞ ትታው መጥታለች። የነዋሪነት መሸኛዋን ገና ካላወጣች፣ በምዝገባው የመጀመሪያ ቀናት የሁለቱንም አካባቢ የምርጫ አስፈፃሚዎች ጠይቃ የት መመዝገብ እንዳለባት ብታረጋግጥ መልካም ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥሮ የሄደ ወጣት፣ በቤት ሠራተኛነት አዲስ አበባ የገባች ልጅ፣ ወፍጮ ቤት ለመሥራት ከዓለም ከተማ ወደ ደነባ የተዛወረ አባወራ ሁሉ የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ከሰፈር የወጣ ዘመድ ያለው ሰው በስልክ «ስድስት ወር ሞላህ ወይ? የትስ ልትመዘገብ አሰብህ?» ብሎ ቢጠይቀው ትልቅ ውለታ ነው።

ሕጉ ልዩ የምርጫ ጣቢያ የሚፈቅድላቸው የኅብረተሰብ ክፍሎችም አሉ። በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚማሩ ተማሪዎች፣ በካምፕ የሚገኙ የመከላከያ ሠራዊት አባላት እና ከቀያቸው የተፈናቀሉ ዜጎች ባሉበት ቦታ ሆነው እንዲመርጡ ልዩ ጣቢያዎች ሊቋቋሙላቸው ይችላል። ይህ ድንጋጌ ለደብረ ብርሃን የተለየ ክብደት አለው፤ ከተማዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንም ከተለያዩ አካባቢዎች ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ሺህ ወገኖችንም ይዛለች። ተፈናቃይ የሆነ ሰው ቤቱን እንጂ የመምረጥ መብቱን አላጣም። የመጠለያ አስተባባሪዎች ልዩ ጣቢያው የሚከፈትበትን ቦታና ጊዜ ቀደም ብለው ጠይቀው በየድንኳኑ ሊያሳውቁ ይገባል፤ በመጠለያ የሚኖር ሰው ማስታወቂያ የሚያነብበት ሰሌዳ እንኳ በአቅራቢያው ላይኖረው ይችላል።

ለመመዝገብ ሲሄዱ የቀበሌ መታወቂያ ይያዙ። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ ወይም ማንነትንና ነዋሪነትን የሚያሳይ ሌላ ሰነድ ካለዎትም አብረው ይያዙት። መታወቂያ የለኝም ብሎ ቤት መቅረት ግን አይገባም፤ በተለይ በገጠር ሰነድ የሌለው ሰው ነዋሪነቱ በአካባቢው ሽማግሌዎች ምስክርነት የሚረጋገጥበት አሠራር አለ። መታወቂያ አውጥተው የማያውቁ አረጋውያን እናቶች በዚህ መንገድ ሊመዘገቡ ስለሚችሉ፣ ጎረቤት የሚያውቃቸውን ሽማግሌ ይዞ አብሯቸው ቢሄድ ነገሩ በአንድ ጉዞ ያልቃል።

ስምዎ በመዝገቡ ላይ እንዴት ተጻፈ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ እንደ ቀላል ታልፎ ብዙ ሰው ሲያንገላታ ስላየሁ ነው። በአማርኛ አንድን ስም በብዙ ዓይነት ፊደል መጻፍ ይቻላል። ኃይሌ የሚለው ስም በመታወቂያ በ«ኃ»፣ በመዝገብ በ«ሀ» ሊሰፍር ይችላል፤ ሥዩምና ዓለሙም እንደዚሁ ናቸው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለትና ሦስት ሰዎች መገኘታቸው የተለመደ ነው። በሰፈር የሚጠሩበት ስም ሌላ፣ በመታወቂያ ያለው ሌላ የሆነባቸው ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ሲመዘገቡ የአያትዎ ስም ጭምር እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ስሙንም በመታወቂያዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ያስጽፉ።

በ2013ቱ ምርጫ በአንድ የገጠር ጣቢያ በታዛቢነት ተቀምጬ ነበር። ረፋድ ላይ አንዲት አሮጊት ኩታቸውን ተከናንበው፣ ሲመዘገቡ የተሰጣቸውን የመራጭ ካርድ በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። በካርዱ ላይ ያለው ስም በመዝገቡ ላይ ሊገኝ አልቻለም፤ ካርዱ የሚጠሩበትን ስም ሲይዝ መዝገቡ የመታወቂያቸውን ስም ይዞ ነበር። አስፈፃሚዋ የመዝገብ ቁጥሩን አመሳክራ፣ በምዝገባው ዕለት ያሳረፉትን አሻራ አይታ እስክታረጋግጥ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሙ። በመጨረሻ መረጡ። ካርዱን በተቀበሉበት ሰዓት አንድ ማንበብ የሚችል ልጅ አብሯቸው ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ እንግልት በአንድ ደቂቃ እርማት ይቀር ነበር።

ካርዱን ሲቀበሉ እዚያው ቆመው ያንብቡት ወይም ያስነብቡት፤ ስምዎን፣ ዕድሜዎን፣ የምርጫ ጣቢያውን ስም ያረጋግጡ። ምዝገባው ካበቃ በኋላ መዝገቡ ሕዝብ እንዲያየው ክፍት ይደረጋል። በዚያን ጊዜ ተመልሰው ሄደው ስምዎን ይፈልጉ፤ የሞተ ወይም ሰፈር የለቀቀ ሰው ስም ካዩም ለአስፈፃሚዎቹ ይንገሩ። ካርዱን ሳጥን ውስጥ፣ ውኃና አይጥ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ፤ «ሰብስበን እናስቀምጥላችሁ» ለሚል ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አሳልፈው አይስጡ። ከጠፋብዎት የምርጫው ቀን እስኪደርስ ሳይጠብቁ ለተመዘገቡበት ጣቢያ ያመልክቱ።

መመዝገብ አይቻልም የሚል ምላሽ ከተሰጠዎት ምክንያቱን ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረዎትን በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ያመልክቱ። በየጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ወደ ምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም እስከ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ማመልከቻው የሚጻፈው በነጋታው ሳይሆን በዚያው ዕለት ነው።

የመራጩ ቁጥር የሚያሳየውና የሚሸፍነው

በ2013 ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ከተመዘገቡትም ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ መስጠታቸው ተገልጿል። ይህን ቁጥር ሲሰሙ መነሻው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። አንድ ቀበሌ ለመምረጥ የደረሱ 1000 ሰዎች አሉት እንበል። 600ው ተመዝግበው 540ው ድምፅ ቢሰጡ፣ ተሳትፎው 90 በመቶ ተብሎ ይነገራል፤ ለመምረጥ ከደረሱት አንጻር ሲሰላ ግን 54 በመቶ ብቻ ነው። የቀሩት 400 ሰዎች በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይታዩም። የተሳትፎ ነገር የሚያሳስበው ሰው ቅስቀሳውን በምዝገባው ወቅት መጀመር አለበት የምለው ለዚህ ነው፤ በ2013ም ቢሆን ምዝገባው በመጀመሪያ ቀዝቅዞ ስለነበር ጊዜው ተራዝሟል። ይራዘማል ብሎ መጠበቅ ግን አደገኛ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሄደ ሰው ወረፋ አይጠብቅም፣ ስህተት ቢኖርም ለማረም ጊዜ አለው።

በእኛ አገር ሰው የሚቀርበት ምክንያት በአብዛኛው ግልጽ ነው። ምዝገባው ከበልግ ሥራ ጋር ይገጥማል፤ ድምፅ መስጫው በሰኔ ሲሆን ደግሞ ክረምቱ ይገባል፣ የእርሻ ጊዜም ነው። በመርሐ ቤቴና በሚዳ ወረሞ በኩል የጀማና የወንጪት ወንዞች መሙላት ሲጀምሩ ማዶ ያለ ሰው መሻገር ይከብደዋል። ፀጥታ በደፈረሰበት ቦታም ቦርዱ ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በ2013 ሰኔ 14 ቀን ድምፅ ያልተሰጠባቸው የምርጫ ክልሎች ነበሩ። እንዲህ ባለው ጊዜ ወሬ ሰምቶ አደጋ ወዳለበት መንገድ ከመውጣት፣ ቦርዱ ያወጣውን ማስታወቂያ አረጋግጦ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ሌላውን ግን በመመካከር ማቅለል ይቻላል። ቅሬው ወይም እድሩ ሲሰበሰብ ዳኛው «ያልተመዘገበ ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ በአንድ ስብሰባ ሠላሳና አርባ ቤት ይዳረሳል። ይህ ሰውን ለመብቱ ማስታወስ ስለሆነ ነውር የለበትም፤ እገሌን ምረጡ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሀዘንና የደስታ ማኅበር ለዚያ ሊውል አይገባም። በቤት ውስጥም ተራ መግባት ነው፤ ከብት የሚጠብቀው ማለዳ መርጦ ይመለስና፣ ሕፃን የያዘችው እናት ከእሱ በኋላ ትሂድ። ሴቶች የሚቀሩት ብዙ ጊዜ «ቤቱን ማን ይጠብቃል» በሚል ምክንያት ስለሆነ፣ አባወራው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ድምፅ የሚሰጥበት ዕለት

ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ ቅስቀሳ ይቆማል። በእነዚህ ቀናት ቤት ለቤት እየዞረ ምረጡኝ የሚል ካለ ሕግ እየጣሰ ነው።

ጣቢያው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተከፍቶ ምሽት 12 ሰዓት ይዘጋል። ሲዘጋ ወረፋ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ይመርጣል እንጂ አይመለስም። ቦርዱ ሰዓት ሊያራዝምም ይችላል፤ በ2013 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ ነበር። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል፤ ሰልፈኛው ራሱ «እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ቢላቸው አስፈፃሚው እስኪያይ መጠበቅ የለባቸውም። የጦር መሣሪያ ይዞ ወደ ጣቢያው መሄድ የተከለከለ ነው። በገጠር ጠመንጃ አንግቶ መውጣት ልማድ የሆነበት ሰው ቤት አስቀምጦት ይምጣ፤ መሣሪያ ባለበት ሌላው መራጭ በነፃነት ሊመርጥ አይችልም።

ተራዎ ሲደርስ ካርድዎንና መታወቂያዎን ያሳዩ። አስፈፃሚው ጣትዎ ላይ ቀለም አለመኖሩን አይቶ ስምዎን በመዝገቡ ላይ ያገኛል፤ እርስዎም ይፈርማሉ ወይም አሻራዎን ያሳርፋሉ፤ በቶሎ የማይለቅ ቀለምም ጣትዎ ላይ ይቀባል። ቀጥሎ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ይሰጡዎታል፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት ነው። ለመጀመሪያው የሚመርጡት አንድ ዕጩ ብቻ ነው። ለክልል ምክር ቤቱ ግን ከአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካይ ሊመረጥ ስለሚችል፣ ስንት መምረጥ እንደሚፈቀድ ወደ ሚስጥር ክፍሉ ከመግባትዎ በፊት አስፈፃሚውን ይጠይቁ። ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ምልክት ያለበት ወረቀት ዋጋ ያጣል።

በሚስጥር ክፍሉ ውስጥ ብቻዎን ሆነው፣ ከመረጡት ዕጩ ምልክት አንጻር ባለው ቦታ የ«X» ምልክት ያድርጉ ወይም የጣት አሻራዎን ያሳርፉ። አሻራ ለሚያሳርፉ አንድ ምክር አለኝ። ጣትዎን ቀለሙ ውስጥ በጣም አይንከሩ፤ ካሳረፉ በኋላም ወረቀቱን ጥቂት እፍ ብለው ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፉት። በቆጠራ ላይ ካየኋቸው አጠራጣሪ ወረቀቶች አንዳንዶቹ ቀለሙ ሳይደርቅ በመታጠፋቸው አሻራው ከላይኛው ዕጩ ወደ ታችኛው የተገለበጠባቸው ነበሩ። ቆጣሪዎቹ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው የትኛው ዋናው፣ የትኛው ግልባጩ እንደሆነ ለመለየት ሲከራከሩ ቆይተዋል። የአንድ ሰው ድምፅ በእንዲህ ዓይነት ነገር መበላሸቱ ያሳዝናል። ወረቀቱ ላይ ስምዎን ወይም ፊርማዎን አይጻፉ፤ ማን እንደ መረጠ የሚያሳውቅ ነገር ሚስጥርነቱን ያፈርሳል። ፎቶ ግራፍም አያንሱ። ከተሳሳቱ ሣጥኑ ውስጥ ሳይከቱት ለአስፈፃሚው መልሰው ምትክ ይጠይቁ።

ማየት የተሳነው ወይም እጁ የማይታዘዝለት መራጭ ራሱ የመረጠውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። ረዳቱን የሚመርጠው መራጩ እንጂ አስፈፃሚው አይደለም፤ ዕጩ፣ የፓርቲ ወኪል፣ ታዛቢ ወይም አስፈፃሚ ረዳት ሊሆን አይገባም። ረዳቱ የታዘዘውን ምልክት ያደርጋል፤ ያየውንም ለማንም አይናገርም።

ማንን እንደመረጡ ለማንም የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ ለትዳር ጓደኛዎም፣ ለንስሐ አባትዎም፣ ማዳበሪያ ለሚያከፋፍለው ሰውም ቢሆን። እርዳታ፣ ማዳበሪያ ወይም የእርሻ መሬት ከድምፅዎ ጋር አያይዞ የሚያስፈራራዎት ሰው ካለ፣ በሚስጥር ክፍሉ ውስጥ ምን ምልክት እንዳደረጉ ሊያውቅ እንደማይችል ያስታውሱ፤ ድርጊቱ ወንጀል ስለሆነም ለጣቢያው ኃላፊ ወይም ለቦርዱ ያመልክቱ።

ከጣቢያው መዘጋት በኋላ

ቆጠራው የሚካሄደው እዚያው ጣቢያ ውስጥ፣ ድምፅ መስጠቱ እንደተጠናቀቀ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ነው። በቅድሚያ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ብዛት ከመዝገቡ ይቆጠራል፤ ከዚያ ሣጥኑ ተከፍቶ ወረቀቶቹ ይቆጠራሉ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ልዩነቱ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። እያንዳንዱ ወረቀት ከፍ ተደርጎ ለታዛቢዎች ይታያል። ያልተስማማ ወኪል ቅሬታውን እዚያው ያስመዘግባል፤ ፈርሞ ወጥቶ በማግስቱ መቃወም ብዙም አያዋጣም።

ቆጠራው ሲያልቅ የጣቢያው ውጤት ተፈርሞ ሕዝብ በሚያየው ቦታ፣ በጣቢያው በር ወይም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወደ ምርጫ ክልሉ ተልኮ ይደመራል፤ የመጨረሻውን ውጤት የሚያሳውቀው ቦርዱ ነው። የተለጠፈው ወረቀት የሰኔ ዝናብ ሳያበላሸው ማለዳ ሄደው የየዕጩውን ድምፅ፣ ዋጋ ያጣውን ወረቀት ብዛትና የመራጮቹን ጠቅላላ ቁጥር በደብተር ይገልብጡ፤ በስልክም ፎቶ ያንሱት። ከጎረቤት ጣቢያዎች የተገለበጠውን አሰባስበው ቦርዱ ስለ ምርጫ ክልልዎ ካሳወቀው ጋር ያስተያዩት። ልዩነት ካገኙ የጣቢያዎቹን ስምና የተገለበጡትን ቁጥሮች ዘርዝረው በጽሑፍ ለምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ቀን አስጽፈው ይያዙ።